ፈገግ ይበሉ

«ፈገግ ይበሉ» አለ ስልኩ።

እማዬ ፈገግ አላለችም። «እባክዎ ፈገግ ይበሉ» አለ ደግሞ፣ በዚያ ችግር አይቶ በማያውቅ ሰው ድምፁ። ስልኩን ከስኳር ጣሳው ላይ አስደግፈን ከፊቷ አቁመነዋል። ወንድሜ ከጀርባው የድስት ክዳን ራሱ ላይ ደፍቶ፣ ወገቡን ይዞ ይውረገረጋል። ከልጅነቱ ጀምሮ እማዬን የሚያስቃት እንዲህ አድርጎ ነው፤ ስትቆጣውም ስታለቅስም ክዳን ደፍቶ ይመጣል፣ እሷም ሳትወድ በግዷ ትስቃለች። አሁን ግን አልጋዋ ጫፍ ላይ በትራስ እንደተደገፈች አየችው፣ አየችውና «ክዳኑን አስቀምጥ፣ ታጣምምብኛለህ» አለችው። ስልኩ ላይ ያለው ክብ መስመር መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ቀላ። «ፊትዎ አልተመሳሰለም። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።» እኔ እንዲያው የዚያን ድምፅ ባለቤት ባገኘው በጥፊ ነበር የማጮለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬን ከጥቂት ወራት በፊት ስትሮክ መታት። እግዜር ይመስገን ነፍሷ ተረፈች፤ የግራ ጎኗ ግን አልታዘዝ አላት፣ የግራ ፊቷም ወረደ። ዓይኗም፣ ጉንጯም፣ የከንፈሯም ጫፍ ወደ ታች ተንጠለጠለ፣ ቃሏም በዚያ በኩል እየፈሰሰ ነው የሚወጣው። ሳቅ ከቤታችን ከጠፋ ያን ጊዜ ጀምሮ ነው። «እስቲ ፈገግ በይ» ስንላት ቀኙ ትንሽ ይነሳል፣ ግራው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ስልኩ ደግሞ የሚፈልገው ሁለቱንም ነው። ለዚያውም ፊቷን እንድታሳይ የተሰጣት ቀን ዛሬ ያልቃል። ዛሬ የስደተኞች ቢሮው ሥራ እስኪጨርስ ስልኩ ፊቷን ካላወቀው ፋይሏ ይዘጋል። ፋይሏ ከተዘጋ ሆስፒታሉ አይቀበላትም፣ የደሟን መድኃኒት አይሰጣትም፤ እዚህ አገር መኖሯንም ማንም አያውቅም። ሐኪሙ መድኃኒቱ ከተቋረጠ ሁለተኛው ስትሮክ እንደ መጀመሪያው አይምርም ብሎናል። በቃ፣ ይኸው ነው ጣጣው።

ምነው ወረቀት አታሳዩም ትሉ ይሆናል። ወረቀት የለንማ! የነበረን ሁሉ ከነቤታችን ተቃጥሏል፤ የለበስነውን ብቻ ይዘን ነው የመጣነው። የመጣን ቀን አንድ ወፍራም መዝጋቢ፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ፣ ትንሽ ካሜራ ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ተቀበለን። እማዬ ገና ከመቀመጧ ወረቀት ስለሌለን ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች፤ የሰው ዕቃ የሰበረች ነበር የምትመስለው። ሰውየው ሳቀ። «እናቴ፣ ወረቀት ይቀደዳል፣ ይቃጠላል። ፊት ግን የት ይሄዳል? ይኸው ፊትዎ ይበቃናል» አላት። ሌላው ሰው ሁሉ እንደተኮሳተረ ሲነሳ፣ እማዬ በዚያ ቃል ደስ ብሏት ፈገግ እንዳለች ተነሳች። ፎቶው እስከ ዛሬ ፋይሏ ውስጥ አለ፤ ፀጉሯ ወደ ኋላ ተይዟል፣ ጥርሷ አይታይም፣ ያኔ የዛሬ እኔን ታክላለች። እኔና ወንድሜ እየሠራን የምንኖር ስለሆንን በየጊዜው ፊታችንን ለስልኩ እናሳያለን፤ እኔ አውቶቡስ ስጠብቅ ፈገግ ብዬ ወደ ቦርሳዬ እመልሰዋለሁ። አዛውንቶችን ግን እስከ ዘንድሮ አይጠይቁም ነበር። ዘንድሮ ሁሉም ሰው ይታይ ተባለ። የእማዬ መልእክት የመጣው ሆስፒታል ተኝታ በቱቦ ስትተነፍስ ነው።

የምሠራው ሴቶች ፀጉር ቤት ነው። ፀጉር እሠራለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ፣ ሙሽራ አስጌጣለሁ። ያበጠ ዓይን ይዛ የመጣች፣ ሌሊቱን ስታለቅስ ያደረች ሙሽራ ስንቱን ጊዜ እንዳልነበረ አድርጌ ወደ ሰርጓ ሸኝቻለሁ። ታዲያ የገዛ እናቴን ፊት አልችልበትም? ሳጥኔን አወጣሁ። ሽበቷን ቀለም ቀባሁት፣ ፀጉሯን እንደ ፎቶው ወደ ኋላ ያዝኩት፣ የወረደውን ቅንድብ ከፍ አድርጌ ሳልኩት። ጉንጯን በቀጭን ፕላስተር ከጆሮዋ ኋላ ወጥሬ አሰርኩትና ሻሽ ጣል አደረግኩበት። እማዬ ዝም ብላ ፊቷን ሰጠችኝ፣ እኔ ልጅ ሆኜ ፊቴን እንደምሰጣት። ከንፈሯን ስቀባት ብቻ መስተዋቱን አየችና «እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ» አለች ለራሷ። ወንድሜ ሊስቅ ብሎ ተወው። አንጀቴን በላችኝ። ጨረስኩ፣ እውነቴን ነው፣ ቆንጆ ሆነች። ስልኩን እንደገና አቆምነው። «ፈገግ ይበሉ።» የቻለችውን ያህል ሞከረች፤ ቀኙ ተነሳ፣ ፕላስተሩ ተላቀቀና ግራው ከሻሹ ሥር ቀስ እያለ ወረደ። ክቡ ቀላ። «ፊትዎ አልተመሳሰለም።» እማዬ በደህና እጇ ፕላስተሩን ፈልጋ ላጠችና ጠቅልላ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ።

ወደ ቢሮው ልወስዳት ቆረጥኩ። ለአሠሪዬ ደወልኩ፤ ከእናቴ በዕድሜ ብዙ የማታንስ ሴት ናት፣ እትዬ ነው የምላት። ሙሽራ ባለበት ቀን መቅረቴን አልወደደችውም፣ ግን ክፉ ሴት አይደለችም። «እናት ነው እንግዲህ፣ ሂጂ» አለችኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያንቺ ግን አረንጓዴ ነው አይደል?» አለች። አረንጓዴ ማለት ስልኬን ስከፍተው ፋይሌ ደህና ነው የሚል ምልክት ማለት ነው። ተቆጣጣሪዎች ሳይታሰብ ይመጣሉ፤ የአንዷ ሠራተኛ ስልክ ቀይ ሆኖ ከተገኘ ልጅቷ ወዲያው ትባረራለች፣ ፀጉር ቤቱም ይታሸጋል። «አረንጓዴ ነው እትዬ፣ አያስቡ» አልኳት። «አንቺን እንኳ አምናለሁ» ብላ ዘጋችው።

ወንድሜ በሞተር ዕቃ የሚያደርስ ስለሆነ እስከ ታክሲው ብቻ ደግፎልን ወደ ሥራው ሄደ። ባለታክሲው የጠራውን ዋጋ እማዬ ሰምታ «በዚህ ዋጋ መኪናውን ራሱን አይሸጥልንም?» አለች፣ ሰውየው ሰምቶ ሳቀ፣ ግን አልቀነሰም። ቢሮው በመስታወት የተሠራ ትልቅ አዳራሽ ነው፤ ወለሉ በምላስ የተላሰ ያህል የጠራ፣ ግድግዳው ዙሪያውን ስክሪን፣ ሰው የሚያነጋግር ሰው ግን አንዲት ብቻ፣ ጥግ ካለች መስኮት ኋላ። ዘበኛው «ቀጠሮ በስልክ ነው» አለን። ስልኩ እኮ ነው አላውቃችሁም ያለን ስለው፣ «እሱስ ልክ ነሽ፣ ግን ቀጠሮ በስልክ ነው» አለኝ። እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። አልሄድ ስንል፣ አላፊው ሁሉ የእማዬን ፊት ዞሮ ዞሮ ሲያይ፣ ዘበኛው አፈረና ወደ መስኮቷ እንድንሄድ በዓይኑ ጠቀሰኝ።

የመስኮቷ ልጅ ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ዓይኗ የደከመ። የእማዬን ፋይል ከፍታ ፎቶውን አየች፣ ቀና ብላ እማዬን አየች፣ ደግማ ፎቶውን አየች። «እሳቸው ናቸው» አለች። ደስታዬ! «እሳቸው ናቸዋ!» አልኳት። «ይታወቃል እኮ። ግንባራቸው፣ አፍንጫቸው፣ ይህችም ምልክት...» አለች። «ግን እህቴ፣ እኔ የማየው አይቆጠርም። እኔ እሺ የምልበት ቦታ የለውም።» ስክሪኑን አዙራ አሳየችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ምንም የሚጫን ነገር የለውም። የሆስፒታሉን ደብዳቤ አወጣሁ። «ወረቀት አንቀበልም። የምናስገባበትም የለንም» አለች። አሻራስ? አሻራ መውሰድ የተጀመረው እኛ ከመጣን በኋላ ነው፤ የእማዬ ፋይል ውስጥ ያለው ፊት ብቻ ነው። እንደገና አንሷትና አዲሱን ፊቷን መዝግቡላት አልኩ። ለዚያ መጀመሪያ አሮጌው ፊት መረጋገጥ አለበት። ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ወራት ይፈጃል፣ እስከዚያ ፋይሉ ዝግ ነው። «እስከዚያ መድኃኒቷን ማን ይሰጣታል?» አልኩ። ልጅቷ ጠረጴዛዋን ማየት ጀመረች። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ሲባል ነበር የማውቀው፤ እዚህ ዓይንም አየ፣ ልብም ፈረደ፣ ግን የሚሰማው የለም። ልጮህባት አፌን ከፈትኩ፣ በምን ጥፋቷ? መልሼ ዘጋሁት።

ያን ጊዜ እማዬ በትከሻዋ ገፋ አደረገችኝና ራሷ ወደ መስኮቷ ተጠጋች። በደህና እጇ የተንጠለጠለውን ከንፈሯን ከታች ደግፋ፣ ቃሉ እንዳይፈስባት፣ ስሟን ተናገረች። የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም፣ የተወለደችበትን ሰፈር፣ የእናቷን ስም፣ የሞተባትን የመጀመሪያ ልጇን ስም። ቀስ እያለች፣ አንዱን ከጨረሰች በኋላ ሌላውን። ስትጨርስ ከንፈሯን ለቀቀችውና «እኔ ነኝ» አለች። ልጅቷ ተነሥታ ቆመች፣ ለታላቅ ሰው እንደሚቆም። «እርስዎ ነዎት እናቴ» አለች። ከዚያ ተቀመጠች። የእማዬን ክንድ ይዤ ወጣሁ።

ታክሲው ውስጥ እማዬ እኔ የቀባኋትን የከንፈሯን ቀለም በሻሿ ጫፍ ስትጠርገው ቆየች። ቤት ስንደርስ ወንድሜ ከእኛ ቀድሞ ገብቶ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር፣ የራስ ቁሩን እንኳ አላወለቀም። ፊቴን ሲያይ ገባው። ውሃ ቀዳሁ፣ እማዬን አጠጣኋት፣ ጫማዋን አወለቅኩላት። ክፍላችን አንድ ናት፤ ሁለት አልጋ፣ በመካከል መጋረጃ፣ የስኳር ጣሳውም ጠዋት ያቆምንበት ቦታ ላይ እንዳለ አለ። ፀሐዩ ወደ ምዕራብ ዞሮ በጠባቧ መስኮት ግድግዳው ላይ ወድቋል። ቢሮው ሊዘጋ የቀረው ትንሽ ነው። ወንድሜ ጣሳውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ደግሞ እኔን አየኝ።

«ግልባጭ» አለኝ።

ይህ የልጅነት ስሜ ነው። ሰፈራችን ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም፤ ቁርጥ እናቷ፣ ምንም ያልቀረባት፣ ግልባጭ ነች ይሉኝ ነበር። ያኔ እቆጣበት ነበር፣ እማዬ ደግሞ ትኮራበት ነበር። ወንድሜ ምን እንዳሰበ ወዲያው ገባኝ፣ ገብቶኝም «አንተ፣ አብደሃል?» አልኩት። «ምን አለበት? ያ ፎቶ ያንቺ ፎቶ ነው የሚመስለው። እነሱ ፊት ፈለጉ፣ ፊት እንስጣቸው» አለኝ። ደስ አላለኝም። ግን መድኃኒቱ ሊያልቅ የቀሩት ጥቂት ፍሬዎች ናቸው፤ ሌላስ ምን መንገድ አለን? የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ሳጥኔን ሳብኩና መስተዋቱ ፊት ተቀመጥኩ።

እማዬ ሁሉንም ስትሰማ ነበር። አይሆንም ትላለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ውሸት የምትጠላ ሴት ናት፣ በልጅነታችን ስለ አንድ ከረሜላ የዋሸን ቀን ያየነውን እኛ ነን የምናውቀው። አላለችም። «ፀጉርሽን ወደ ኋላ ያዢው» አለችኝ። ያዝኩት። «ጠበቅ አድርጊው። ያን ቀን በገመድ ነበር ያሰርኩት።» ፈገግ ብዬ አሳየኋት፤ ራሷን ነቀነቀች። «ጥርስሽን አታሳዪ። ከንፈሬ በመንገዱ ፀሐይ ተሰነጣጥቆ ነበር፣ ብስቅ ይደማ ነበር።» እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ያን ፎቶ ሳየው በጨዋነት የተዘጋ አፍ ነበር የሚመስለኝ። ሞከርኩ። «እንዲያ አይደለም» አለች። እንዴት እንደሆነ በራሷ ፊት ልታሳየኝ ፈለገች፣ ፊቷ እምቢ አላት። አሁንም ሞከረች፣ አሁንም እምቢ አላት። መጨረሻ ላይ እጇን ዘረጋችና በአውራ ጣቷና በአመልካች ጣቷ የከንፈሬን ጫፎች ይዛ፣ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ወደ ላይ አነሣቻቸው። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ናቸው። «ይኸው» አለች። «እንዲህ ነበርኩ።»

ወንድሜ የእማዬን ስልክ ከጣሳው ላይ አቆመው። ፀሐዩ ፊቴ ላይ እንዲያርፍ ወንበሩን ሳብ አደረግኩ። «ፈገግ ይበሉ» አለ ያ ድምፅ። የእማዬን ፈገግታ ፊቴ ላይ ይዤ፣ እንዳይወድቅብኝ ትንፋሼን ውጬ፣ ጠበቅኩ። ክቡ ቢጫ ሆነ። ከዚያ አረንጓዴ። «እናመሰግናለን። ማንነትዎ ተረጋግጧል። መልካም ቀን።» ወንድሜ ጣሪያ እስኪነካ ዘለለ! ክዳኑን አንሥቶ ራሱ ላይ ደፋው፣ ወገቡን ይዞ ክፍሏን ዞራት። የሆስፒታሉ ቀጠሮ ወዲያው ስልኳ ላይ ወጣ፣ መድኃኒቱም ተፈቅዷል ይላል። አመሰግንሃለሁ አልኩ፣ ማንን እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ አመሰገንኩ።

የኔ ስልክ ድምፅ ያሰማው ያን ጊዜ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እትዬ ስለ ነገዋ ሙሽራ ልትጠይቀኝ ይሆናል ብዬ አወጣሁት። «የእርስዎ ፊት በሌላ ሰው ፋይል ተመዝግቦ ተገኝቷል» ይላል። «ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ፋይልዎ ታግዷል። ማንነትዎን የሚያስረዳ ዋናውን ወረቀት ይዘው ይቅረቡ።» ደግሜ አነበብኩት። ወረቀት ይላል። ከላይ፣ ሁልጊዜ አረንጓዴ የነበረው ቦታ፣ ቀይ ነው። በየጊዜው ለስልኬ ፈገግ ስል ፊቴን እየወሰደ ሲያስቀምጥልኝ ኖሯል፤ ዛሬ ያንኑ ፊት ለእማዬ ሰጠሁት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ፊቴን ለራሴ ልመልሰው ብል፣ በእማዬ ስልክ የታየሁት እኔ ነኝ ብዬ ብናገር፣ የእማዬ ፋይል ይዘጋል፤ ዝም ብል ነገ ጠዋት እትዬ በር ላይ ቆማ ስልክሽን አሳዪኝ ትለኛለች። ሁለታችን አንድ ፊት ብቻ ነው ያለን፣ እሱንም አንዳችን ብቻ ነን የምንለብሰው።

ወንድሜ በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አነበበው። ክዳኑ አሁንም ራሱ ላይ ነው። አወለቀና ቀስ ብሎ፣ ድምፅ እንዳያሰማ፣ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠው። እኔን ላለማየት መስኮቱን ማየት ጀመረ፣ እኔም እሱን ላለማየት ስልኩን።

«ምን አለ?» አለች እማዬ ከአልጋዋ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ አለ» አልኳት።

እማዬ ፈገግ አለች። ከታመመች ወዲህ የመጀመሪያዋ ናት፤ ማንም ሳይለምናት፣ ማንም ሳያዛት። ቀኙ ተነሳ፣ ግራው እንዳለ ቀረ፣ ዓይኗ ግን ሁለቱም ሳቁ። ወንድሜ ፈገግታዋን ሊያሳየው በልማድ እጁን ወደ ስልኳ ሰደደና መንገድ ላይ ተወው። «አንቺስ?» አለችኝ። «ምነው ኩምትር አልሽ? ሳቂ እንጂ ልጄ።»

ሳቅኩላት። ጥርሴን ሳላሳይ።